የትምህርት ቤት ጨዋታ ሲዘገብ

ወንድሜ፣ ለሚኒ ሚዲያችሁ የጎንደር ትምህርት ቤቶችን ጨዋታ ስትዘግብ ውጤትና ስም እንዴት እንደሚጻፍ ጠይቀሃል። ውጤቱ ቀላል ነው፤ «3 ለ 1 አሸነፈ» በል፣ የአሸናፊውን ጎል አስቀድም። ስም ላይ ግን ተጠንቀቅ። መጀመሪያ ከነአባት ስሙና ከነክፍሉ ጻፈው፤ ከዚያ በራሱ ስም ብቻ ጥራው። የአባት ስም እኛ ጋ የቤተሰብ ስም አይደለም፣ የአባትየው ነው። አሰልጣኙ «ተናገሩ»፣ ተማሪው «ተናገረ»።

ለአዋቂዎቹ የእግር ኳስ ክለብ ለፋሲል ከነማ የምንጠቀመው ቃል ለልጆች ይከብዳል። «ተዋረዱ»፣ «ደቀቁ» አትበል፤ «ተሸነፉ» ይበቃል። ፍጹም ቅጣት ምት ያመከነችው የ9ኛ ክፍል ልጅ ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ቆማ ዘገባህን በድምፅ ማጉያ ትሰማዋለች። በረኛዋ ይዛባት ከሆነ «አበላሸች» ሳይሆን «ግብ ጠባቂዋ አዳነችባት» በል። እውነቱ አይጎድልም፣ ልጅቷም አንገቷን አትደፋም።