ውጭ አገር ምን ይረክሳል፣ ምን ይወደዳል?

ይድረስ ለጅማ ልጆች፣

አጂፕም ሆነ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር የማገኛችሁ ወጣቶች ስለ ውጭ አገር ስትጠይቁኝ ጥያቄያችሁ አንድ ነው፤ «ደመወዙ ስንት ነው?» ስንት እንደሚገባ እንጂ ስንት እንደሚወጣ የሚጠይቀኝ የለም። ዕድሜዬን በሒሳብ ሥራ ያሳለፍኩ ሰው በመሆኔ ይህ ያሳስበኛል። ብዙ ዘመን የኖርኩት ፍራንክፈርት ስለሆነ በአብዛኛው የማወራችሁም ስለ ጀርመን ነው።

እዚያ ማሽን የሚያመርተው ይረክሳል፣ የሰው ጉልበትና ሰዓት የገባበት ይወደዳል። የእኛ ተቃራኒ ነው። መርካቶ ሄዳችሁ ጫማ ብታሰፉ፣ ሱሪ ብታሳጥሩ የምትከፍሉት ከዕቃው ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ደህና ስልክ ግን የወራት ደመወዝ ይበላል። እዚያ ስልኩ የጥቂት ቀን ሥራ ነው፤ የጫማ ሶል ማስቀየር ደግሞ ርካሽ አዲስ ጫማ ይገዛል። ስለዚህ አንድ ልጅ አዲስ ስልክ ይዞ ፎቶ ስለላከ ሀብታም ሆኗል ማለት አይደለም። ቤተሰቦቻችሁም ይህን ቢያውቁት ደስ ይለኛል።

የማውቀው አንድ የጅማ ልጅ አለ። ማታ ቆሻሻ ሊጥል ብቅ እንዳለ በሩ ከኋላው ግጥም አለ። እዚያ ብዙው የቤት በር አንዴ ከተዘጋ ከውጭ ያለ ቁልፍ አይከፈትም። ቁልፉም ስልኩም ውስጥ ቀሩ። ቀኑ እሑድ ነው። የጎረቤት ስልክ ለምኖ ቁልፍ ከፋች ጠራ። ሰውየው መጣና ቀጠን ያለች ፕላስቲክ በበሩ ክፍተት አስገብቶ ወዝወዝ ሲያደርጋት ተከፈተ። ሒሳቡ ከ300 ዩሮ በላይ! ልጁ «ዘረፈኝ» ብሎ ሲነግረኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። በዚያ ሥራ ውስጥ ዘራፊ አለ፤ ሰውየው ሳይመጣ ዋጋውን በስልክ ተስማምቶ መጨረስ ያስፈልጋል። ግን ሐቀኛውም ቢሆን ለመንገዱ ለብቻ፣ ለሌሊቱ ለብቻ፣ ለእሑዱ ለብቻ ያስከፍላል። ትርፍ ቁልፍ ለሚታመን ጎረቤት መስጠት ግን ምንም አያስወጣም።

ዋጋን ወደ ብር እየመነዘራችሁ አትኑሩ። በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። በዚህ መለኪያ የሚኖር ሰው እንቁላልም መግዛት ያቅተዋል። የሚሻለው «የስንት ሰዓት ሥራዬ ነው?» ማለት ነው። በፈረንጆቹ 2025 የጀርመን ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 12.82 ዩሮ ነበር። ግብር ሳይነሳለት መሆኑን አትርሱ። በዚህ ስሌት አንድ የታረደ ዶሮ የአንድ ሰዓት ሥራ እንኳን አይሞላም። እዚህ ዶሮ የበዓል ወጪ ነው፤ እዚያ የተማሪ ምሳ። ያ በር ግን የሦስት ቀን ጉልበት በላ።

ቡናን የማነሳው ለእኛ ቅርብ ስለሆነ ነው። ሱፐርማርኬት ውስጥ ግማሽ ኪሎ የተፈጨ ቡና የሚሸጥበት ዋጋ ካፌ ገብታችሁ ከምትጠጡት ሁለት ሦስት ሲኒ ብዙም አይርቅም። ያውም መንግሥት ከእያንዳንዱ ኪሎ የተቆላ ቡና 2.19 ዩሮ የቡና ግብር ወስዶበት ነው። ካፌ ውስጥ ብዙውን የምትከፍሉት ለአስተናጋጇ ሰዓትና ለቤቱ ኪራይ ነው። ከአጋሮና ከጎማ ወረዳ የወጣው ቡና፣ ገበሬው ፍሬ በፍሬ የለቀመው፣ ከሲኒው ዋጋ ትንሿን ቁራጭ ይዞ ይቀራል። ይህ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። እናንተ ግን ጀበና ይዛችሁ ሂዱ። ለጓደኛም ቡና አፍሉ፤ ብቸኝነትም ይቀንሳል።

ቤት ኪራይ ዋናው ወጪ ነው። ማስታወቂያው ላይ ጎላ ብሎ የሚጻፈው ዋጋ ብዙ ጊዜ ማሞቂያንና ውኃን አይጨምርም። አከራዩ እስከ 3 ወር ኪራይ የሚደርስ መያዣ ገንዘብ ሊጠይቅ ይችላል። ቴሌቪዥን ባይኖራችሁም ለሕዝብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን በየወሩ 18.36 ዩሮ ይከፈላል። ክፍያው በነፍስ ወከፍ ሳይሆን በቤት ነው፤ አብራችሁ ከኖራችሁ ተካፈሉት። ደብዳቤው ሲመጣ መሳቢያ ውስጥ አትክተቱት፣ ቅጣት ይወልዳል። ባቡር ውስጥ ያለ ትኬት መገኘትም 60 ዩሮ ነው።

ትምህርት በእርግጥ ርካሽ ነው። አብዛኞቹ የጀርመን ግዛቶች በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። ባደን ቩርተምበርግ ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1500 ዩሮ ያስከፍላል። ደግሞም የተማሪ ቪዛ የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የዓመት መኖሪያውን አስቀድሞ በዝግ ሒሳብ፣ ማለትም በየወሩ እየተቆነጠረ ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሒሳብ፣ ማስቀመጥ አለበት፤ ከፈረንጆቹ መስከረም 2024 ጀምሮ 11,904 ዩሮ ነው። ትምህርቱ ነፃ ነው ብሎ የሚያማልላችሁ ሰው ይህን ካልነገራችሁ ግማሹን ደብቋችኋል።

ሕክምና እንደ አገሩ ነው። ጀርመን የጤና መድን ግዴታ ስለሆነ ከደመወዝ በቀጥታ ይቆረጣል፤ ሐኪም ቤት ስትሄዱ ግን ኪሳችሁ ብዙም አይነካም። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ መድናችሁ የሚሸፍነውን ሳትታመሙ አንብቡ። አምቡላንስ መጥራት ብቻውን ከ1000 ዶላር ሊያልፍ ይችላል።

ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት እጃችሁን አሠልጥኑ። እንጀራ መጋገር፣ ፀጉር መቁረጥ፣ ዚፕ መቀየር፣ ቧንቧ ማጥበቅ ልመዱ። ወንዶች ልጆች፣ ይህ ለእናንተም ነው። ጅማ ውስጥ እነዚህን የሚያስተምራችሁ ሰው በየሰፈሩ ሞልቷል።

ወደ አረብ አገር ለምትሄዱ እህቶች ያለኝ ነገር ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። ከሁሉም በላይ ዋጋው የተጋነነው ነገር የሚሸጠው እዚሁ ነው፤ የሕገወጥ ደላላው ክፍያ። ቤተሰብ በሬ ሸጦ፣ የቡና መሬት አስይዞ ይከፍለዋል። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ወጪ የአሠሪው ነው። የእናንተ ድርሻ እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ ክትባት፣ የልደት ምስክር ወረቀት ያለው ነው። ደላላው «ለቪዛ» ወይም «ለቲኬት» ብሎ ገንዘብ ሲጠይቃችሁ አሠሪው ሊከፍለው የሚገባውን እያስከፈላችሁ ነው። ገንዘቡ ከእጃችሁ ሳይወጣ የኤጀንሲው ፈቃድ የጸና መሆኑን በአካባቢያችሁ ያለውን የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። የውሉንም ኮፒ ለእናታችሁ ወይም ለታላቅ ወንድማችሁ ትታችሁ ሂዱ።