ትልቁ ልጅ ለምን አንድ ሺሊንግ ብቻ ወረሰ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ባለቤቴ አሜሪካዊ ነው። የአባቱ ዘሮች ከቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ ቨርጂኒያ የኖሩ ናቸው። ልጆቼን በእኔ በኩል እስከ ሰባት ቤት አስቆጥሬያቸዋለሁ፤ በአባታቸው በኩል ግን ነገሩ ተምታታብኝ። የቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ባልና ሚስቱ ኤፕሪል 1731 ተጋቡ ይላል። የመጀመሪያ ልጃቸው ደግሞ ፌብሯሪ 1731 ተጠመቀ። አባትየው በ1758 በተናዘዘው ላይ ለዚህ ልጅ የተወለት አንድ ሺሊንግ ብቻ ነው፤ መሬቱ ለታናሹ ሄዷል። ኑዛዜው ላይ ያለችው ሚስትም ሌላ ናት። ይባስ ብሎ ሴቶች ልጆቹ ገና ሕፃናት ሆነው ሳለ፣ የአባቱ ስም የማይገጥም አንድ ሰው «አማቼ» ተብሏል። አማቴ «ልጁ ዲቃላ ነበር፣ ተይው» አሉኝ። እውነት ነው?
ሰ.፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ አማትሽን አክብሪያቸው፣ ይህን ግን አትቀበያቸው። ልጁ የተጠመቀው ከሰርጉ አሥር ወር በኋላ ነው።

እንግሊዝና ቅኝ ግዛቶቿ እስከ 1752 ድረስ ዓመቱን የሚለውጡት ማርች 25 ቀን ነበር። እኛ መስከረም ላይ እንደምንለውጠው ማለት ነው። ስለዚህ ከዲሴምበር 1731 ቀጥሎ የመጣው ጃንዋሪ 1731፣ ከዚያም ፌብሯሪ 1731 ነው። ዛሬ ብንጽፈው 1732 እንለው ነበር። የጆርጅ ዋሽንግተን ልደትም በቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ፌብሯሪ 11 ቀን 1731/2 ተብሎ ተጽፏል። በዛሬው አቆጣጠር ግን ፌብሯሪ 22 ነው፣ ዓመቱም 1732፤ በ1752 አቆጣጠሩ ሲለወጥ 11 ቀን ተዘሏልና። እንዲህ በጭረት የተከፈለ ዓመት ካየሽ አትደናገጪ።

አንዷ ሺሊንግ ብዙ ሰው ታሳስታለች። ትልቁ ልጅ ሲያገባ አባቱ መሬት ሰጥቶት ሊሆን ይችላል። ታዲያ በኑዛዜው ላይ ስሙ የሚነሳው በኋላ «ተረሳሁ» ብሎ እንዳይከራከር ነው። ስለዚህ ኑዛዜውን ብቻ ይዘሽ አትፍረጂ፤ የካውንቲውን (የወረዳውን) የመሬት ስጦታና ሽያጭ መዝገብ አገላብጪ። አባትና ልጅ እዚያ ላይ አብረው ከተገኙ ነገሩ አለቀ። ደግሞ አባትየው ሳይናዘዝ ቢሞት ኖሮ መሬቱን ይወርስ የነበረው ይኸው ትልቁ ልጅ ነው። የቨርጂኒያ ሕግ በ1785 እስኪቀየር ድረስ እንዲያ ነበር።

የመጀመሪያዋ ሚስት ሳትሞት አልቀረችም፤ የቀብሯን መዝገብ ፈልጊ። ሁለተኛዋ ምናልባት ልጅ ይዛ የመጣች መበለት ናት። የእንጀራ ልጅን በዚያ ዘመን «አማቼ» ብሎ መጻፍ የተለመደ ነበር። የዚያን ሰውዬ የአባት ስም ይዘሽ የቀደመ ባሏን ኑዛዜ ፈልጊ። ምናልባት ሙሉ ታሪኳ እዚያ ይገኛል።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። ኑዛዜው ላይ ከአልጋውና ከላሞቹ ጋር የተዘረዘሩ ሰዎች የሉም? አልጻፍሽልኝም። ካሉ ስማቸውን አንድም ሳታስቀሪ ገልብጪ። በባርነት የኖሩ ሰዎች ዘሮች፣ የቀድሞ ባሮችን ሁሉ መጀመሪያ በስም ከመዘገበው ከ1870ው የሕዝብ ቆጠራ ወደኋላ ሲሄዱ የአያቶቻቸውን ስም የሚያገኙት ብዙውን ጊዜ በጌቶቹ ኑዛዜ ላይ ነው። እናት ለአንዱ ወራሽ፣ ልጇ ለሌላው ሲደርሱ የምታነቢው እዚያ ነው። ዊሊያምስበርግ ያለው የብሩተን ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ደግሞ በባርነት የነበሩ ሕፃናትን ጥምቀት ሳይቀር ይዟል።

የዋሽንግተን ኑዛዜ ያለው እዚያው ጎረቤትሽ፣ ፌርፋክስ ፍርድ ቤት ነው። በ1799 ሲናዘዝ የራሱን 123 ባሮች ነፃ እንዲወጡ አዘዘ። ሚስቱ ማርታ ከመጀመሪያ ባሏ በመበለት ድርሻ ያገኘቻቸውን ግን ነፃ ማውጣት አልቻለም። ያ ባል በ1757 ሳይናዘዝ ስለሞተ ሲሶው በዕድሜዋ ሙሉ የእሷ ነበር፤ ከእሷ በኋላ ግን ለወራሾቹ የሚመለስ ነው። ከነፃዎቹ ጋር ተጋብተው የወለዱ ነበሩ። ሕጉ ባልን ነፃ ሲያወጣ ሚስትን አስቀረ። ያንቺም ኑዛዜ ላይ የሚስትየዋን ሲሶ ለይተሽ ያዢ፤ እሷ ስትሞት ለማን እንደተመለሰ የልጆቹን ዝምድና ይነግርሻል።

ካውንቲው ጄምስ ሲቲ ከሆነ ግን ከባድ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ለደኅንነቱ ተብሎ ወደ ሪችመንድ የተላከው መዝገብ በ1865 ከተማው ሲቃጠል አብሮ ተቃጥሏል። ያኔ ከአጎራባች ካውንቲዎች ጀምሪ። ሪችመንድ ያለው የቨርጂኒያ ቤተ መጻሕፍት የብዙዎቹን ካውንቲዎች መዝገብ በማይክሮፊልም ይዟል። የካውንቲውን ስም ጻፊልኝ፣ እንቀጥላለን።