የአሜሪካ ፉትቦል የሚጫወተው የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በ2023 ማጥቃት ሳይችል እንዴት 10 ጨዋታ አሸነፈ?

ያሸነፈው በተከላካዮቹና ኳስን በእግሩ አርቆ በሚመታው አውስትራሊያዊ በቶሪ ቴይለር ነው። የቴይለር ምቶች በዚያ የውድድር ዘመን በድምሩ 4,479 ያርድ ስለደረሱ፣ ተጋጣሚዎች ብዙ ጊዜ ከራሳቸው የግብ መስመር አጠገብ ተነሥተው ያንን ጠንካራ መከላከል ሰብረው ማለፍ ነበረባቸው።

የማጥቃቱ አሰልጣኝ ለምን ዝም ተባለ ላሉት፣ የማጥቃት ክፍሉ ኃላፊ ብራያን ፌረንዝ የዋናው አሰልጣኝ የከርክ ፌረንዝ ልጅ ቢሆንም ዝም አልተባለም። ውሉ በየጨዋታው በአማካይ 25 ነጥብ ይጠይቅ ነበር (ተከላካዮቹ የሚያስቆጥሩት ሳይቀር ይታሰብለት ነበር)፤ ቡድኑ ግን ከዚያ በታች ስለነበረ፣ ዘመኑ ሳያልቅ በኦክቶበር 30 እንደማይቀጥል ተገለጸ።

ኳርተርባኩን (ማጥቃቱን የሚመራውንና ኳስ የሚወረውረውን ተጫዋች) ለመውቀስ ግን አይቸኩሉ። እኔም ስወቅስ ኖሬ፣ የተቀዳ ጨዋታ ደግሜ ስመለከት፣ ኳሱ እጁ እንደገባ ከፊቱ ያሉት አምስቱ ጠባቂዎች ሲፈርሱ አይቻለሁ፤ ስለዚህ ዓይንዎን ከኳሱ አንሥተው መጀመሪያ እነሱን ይመልከቱ።