ጎርናና ድምፅ ዝቅተኛ ድምፅ አይደለም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህርት። የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። በአንድ ክፍል ላይ «በዝቅተኛ ድምፅ ይናገራል» ብዬ ጻፍኩ፤ ማለት የፈለግሁት ወፍራም፣ ከደረት የሚወጣ ድምፅ ነበር። ድምፁን የሚሰጠው ተዋናይ ግን በሹክሹክታ አነበበውና ትዕይንቱ እንደገና ተቀረጸ። «ጎርናና» ብል ይሻል ነበር? ወይስ ጎርናና የታመመ ሰው ድምፅ ነው?
ተርጓሚው፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ተዋናዩ አልተሳሳተም። «ድምፅህን ዝቅ አድርግ» ስንል «አትጩህ፣ ሰው ተኝቷል» ማለታችን ነው። በአማርኛ ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚለው በጉልበቱ ነው። እርስዎ የፈለጉትን ነገር ጆሯችን የሚለየው እንደ ገመድ ነው፤ ወፍራምና ቀጭን ብሎ። ይህም ልክ ነው። ወንድ ልጅ ሲጎረምስ በማንቁርቱ ውስጥ ያሉት የድምፅ አውታሮች ይረዝማሉ፣ ይወፍራሉም። የአዋቂ ወንድ አውታር ሲናገር በሰከንድ 120 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል፣ የሴት ደግሞ 200 ጊዜ ገደማ።

ያን ጊዜ ነው «ድምፁ ጎረነነ» የምንለው። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ባስተማርኩባቸው ዓመታት ይህን ቃል በየመስከረሙ እሰማው ነበር። ሰኔ ላይ በቀጭኑ «አቤት» ብሎ የተለየኝ ልጅ፣ ከክረምት በኋላ ስም ስጠራ ከጉድጓድ የሚወጣ በሚመስል ድምፅ «አቤት» ይለኛል። ክፍሉ ይስቃል፣ ልጁ አንገቱን ይደፋል። እኔም ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጎረነነ፣ ይጎረንናል፣ ጎርንኖ ብዬ እጽፍና፣ ከኮለተፈ ኮልታፋ፣ ከጎለደፈ ጎልዳፋ እንደሚወጣ ሁሉ ከጎረነነም ጎርናና እንደሚወጣ አሳያቸዋለሁ። ልጁ ቀና እስኪል ድረስ ሰዋስዉን አላቆምም ነበር።

የታመመ ድምፅን በተመለከተ፣ «ጉንፋኑ ድምፄን አጎረነነው» የሚል ሰው አለ፤ ስህተት ነው አልልም፣ በቃሉ ውስጥ የመሻከር ጥላ አለበትና። ለጽሑፍ ግን ለይተው ይያዙት። ጉሮሮው የቆሰለ ሰው ድምፁ ሻከረ፣ አቅም ያጣ ሰው ድምፁ ሰለለ ይባላል። ጎርናና ግን ጤነኛ ሰው ዕድሜ ልኩን ይዞት የሚኖረው ድምፅ ነው።

ልዩነቱን በጆሮዎ መስማት ከፈለጉ በዐቢይ ጾም በገና ያድምጡ። አሥሩ አውታሮች ከበግ አንጀት የተሠሩ ናቸው፤ አውታሮቹ በሚያርፉበት መደገፊያ፣ በበርኩማው ላይ፣ ከየአውታሩ ሥር እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፣ ያንን የሚነዝር ድምፅ የምታወጣውም እሷ ናት። ልጅ ሳለሁ ጎረቤታችን የነበሩ አዛውንት ማታ ማታ ይደረድሩ ነበር። እናቴ ምጣድ ካንኳኳች መዝሙራቸው አይሰማም፤ ያን ያህል ዝቅ ያለ ነበር። ግድግዳው ላይ እጄን ሳሳርፍ ግን በገናው መዳፌን ይነዝረኝ ነበር። ድምፃቸው ጎርናናም ነበር፣ ዝቅ ያለም ነበር፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ገጸ ባሕርይዎ ሁለቱንም ከሆነ «በጎርናና ድምፁ ቀስ ብሎ» ብለው ይጻፉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጎርናናን ለሰማይና ለአውሬ ባይሰጡት እመርጣለሁ። ሰማይ ያስገመግማል፣ የሞላ ወንዝም እንዲሁ፤ በሬ ያጓራል፣ አንበሳ ያገሳል። እነዚህን የመሰሉ ግሶች እያሉን ሁሉንም «ወፍራም ድምፅ አሰማ» እያልን ስናልፍ ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ ሴት ልጅ «ጎርናና» ብትባል ስድብ ነው?
አንባቢ፣ ከደሴ

መልስ፦ አይደለም። አክስቴ ጎርናና ነበረች። ስልክ ስታነሳ «ጋሼ» የሚሏት ብዙ ነበሩ፤ ሙሾ ስታወርድ ግን ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ከእሷ ሌላ ድምፅ አይሰማም ነበር።