መልስ፦ በሰውነታችን ያለው ውሃ የት ነው?
የጠየቁት፣ አብዛኛው ሰውነታችን ውሃ ከሆነ የት ተቀምጦ ነው የማይታየን፣ ምድርስ በውሃ ተሸፍና ሳለ እጥረቱ ከየት መጣ የሚል ነው። ከአዋቂ ሰው ክብደት 60 በመቶ ያህሉ ውሃ ሲሆን፣ የዚህም ሁለት ሦስተኛው የሚገኘው በሕዋሳት ውስጥ ነው፤ በደም ሥር የሚዘዋወረው ጥቂቱ ብቻ ነው። ደረቅ የሚመስለው አጥንት እንኳ ውሃ አለው፤ ስብ ግን እምብዛም አይዝም። ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀው የኩላሊት ሥራ ይመስለኛል፤ ሁለቱ ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ካጣሩ በኋላ፣ ከ1 እስከ 2 ሊትር የሚሆነውን በሽንት አስወግደው ቀሪውን ወደ ደም ይመልሱታል። ወደ ምድር ስንመጣ፣ ውሃ 71 በመቶ የሚሆነውን ገጽታዋን ቢሸፍንም 97 በመቶ ያህሉ ጨዋማ ነው፤ ከቀሪውም አብዛኛው በበረዶ ግግር ተይዟል።