«ቀስት»፣ «ቅስት» ወይስ «አርክ»?

ጥያቄ፦ ስለ ጥንታዊ ሮማውያን ግንባታ ለተማሪዎቼ አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። አንዱ መጽሐፍ «ቀስት» ይላል፣ ሌላው «ቅስት»። መሐንዲሱ ወንድሜ ደግሞ «አርክ በለውና ተገላገል» ይለኛል። የቱ ይሻላል? ከአናቱ መሃል ያለችውን ድንጋይስ «የማዕዘን ድንጋይ» ብላት ያስኬዳል? «ቅስቱ ክብደቱን ይይዛል» የሚለውን ዓረፍተ ነገርም ቢያዩልኝ።

መልስ፦ «ቅስት» ይበሉ። ወንድምዎ አልተሳሳቱም፤ ግንባታ ቦታ ላይ «አርክ» ቢሉ ሁሉም ይግባባል። ለተማሪ በሚጻፍ ነገር ግን ያለንን ቃል ትተን የምንበደርበት ምክንያት አይታየኝም።

«ቀስት»ና «ቅስት» ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። የላቲኑ «አርኩስ»ም ደጋኑንም ግንቡንም ይጠራል። ስለዚህ «ቀስት» ያለው መጽሐፍ ከመንገድ አልወጣም። ችግሩ ቃሉ ዛሬ የደረሰበት ቦታ ነው። ቀስት በጥንቱ ደጋኑ ነው፤ የሚወረወረው ፍላጻ ይባላል። «ቀስተ ደመና» ስንልም ያሰብነው ጎባጣውን ነው። አሁን ግን ስልክ ላይ ያለችውን የአቅጣጫ ምልክት ሁሉም ሰው «ቀስት» ነው የሚላት። ሮም ስላለው ጥንታዊ የትርዒት ስታዲየም «የኮሎሲየም የታችኛው ደርብ ዙሪያውን 80 ቀስቶች አሉት» ብለው ቢጽፉ፣ ተማሪው ግድግዳ ላይ የተሳሉ 80 ጠቋሚዎች ቢታዩት አይፈረድበትም። (ነገርን ነገር ያነሳዋልና፣ መግቢያ ከሆኑት ከእነዚያ ቅስቶች በአንዳንዶቹ አናት ላይ የተቀረጸው ቁጥር ዛሬም ይነበባል።) «ቅስት»ን ግን ተማሪዎችዎ ከሒሳብ ክፍል ያውቁታል፤ የክብ ዙሪያ ቁራጭ ነው። የሮማውያኑ ቅስት አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ክብ ስለሆነ ቃሉ ልክክ ይላል።

«የማዕዘን ድንጋይ» ግን አይሆንም። እዚህ ላይ ትንሽ ጠንከር ልበል። ማዕዘን ሁለት ግድግዳ የሚገናኝበት ነው፤ የቅስት አናት ላይ ምን ማዕዘን አለ? «ግንበኞች የናቁት ድንጋይ» የሚለው ጆሯችን ውስጥ ስለቀረ፣ ስለ ቁም ነገረኛ ድንጋይ በተነሳ ቁጥር «ማዕዘን» አፋችን ላይ ይመጣል።

ትክክለኛውን ቃል ለማግኘት ነገሩ እንዴት እንደሚቆም ማየት ይበጃል። በተለመደው በር ላይ ከሁለቱ መቃኖች በላይ የሚጋደመው ጉበን ነው። ድንጋይ ሲጫኑት ይችላል፤ ሊያጎብጡት ሲሞክሩ ግን ይሰነጠቃል። ስለዚህ የድንጋይ ጉበን ብዙ ርቀት አይሻገርም። የግሪኮቹ ቤተ መቅደሶች ዓምዶቻቸው የተቀራረቡት በዚህ ምክንያት ነው። የቅስት ድንጋዮች ግን እንደ ሽብልቅ የተጠረቡ ናቸው፣ ከላይ ሰፋ ከታች ጠበብ። ጭነት ሲመጣባቸው እርስ በርስ ይጨናነቃሉ። ሲሠራ መጀመሪያ ግማሽ ክብ የእንጨት ድጋፍ ይቆማል። ድንጋዮቹ ከግራና ከቀኝ እየተደረደሩ ይወጡና የመጨረሻዋ አናቱ ላይ ትገባለች። ከዚያ እንጨቱ ቢነሳም ቅስቱ ራሱን ችሎ ይቆማል።

ይህችን ድንጋይ «ቁልፍ ድንጋይ» የሚሉ አሉ። ስሕተት አይደለም። ነገር ግን «ቁልፍ ሰው»፣ «ቁልፍ ጉዳይ» ማለት ስለለመድን፣ ሁሉን የተሸከመችው እሷ ብቻ ታስመስላለች። ከጎኗ ያለችውም ብትወጣ ቅስቱ ይናዳል። እኔ «መቆለፊያ ድንጋይ» የሚለውን እመርጣለሁ፤ ሥራዋን ይናገራልና።

ለተማሪዎችዎ ፎቶ የሚያሳዩ ከሆነ በደቡብ ፈረንሳይ ያለው ፖን ዱ ጋር ይሁን። ሮማውያን በ1ኛው ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. ወደ ኒም ከተማ የሚሄደውን ውሃ ወንዝ ለማሻገር የሠሩት ነው። ሦስት ደርብ ቅስት ነው፤ ቁመቱ ወደ 49 ሜትር ይጠጋል። የታችኞቹ ሁለት ደርቦች ድንጋያቸው እንዲሁ ተነባብሮ ነው የቆመው፤ በመሃል ማጣበቂያ የለም። ቀረብ ብለው ሲያዩት ከግንቡ ወጣ ወጣ ብለው የቀሩ ድንጋዮች አሉ። ጌጥ ይመስላሉ። የሠራተኞቹ መወጣጫ ያርፍባቸው የነበሩ ናቸው፤ ሥራው ሲያልቅ የጠረባቸው የለም።

ወደ ዓረፍተ ነገርዎ ልመለስ። «ክብደቱን ይይዛል» ከሚለው «ይሸከማል» ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ምሥጢሩን አይነግረንም። እንዲህ ቢሉትስ፦ «ቅስቱ ከላይ የመጣበትን ክብደት ለሁለት ከፍሎ ወደ ግራና ቀኝ ምሰሶዎች ያወርደዋል።» ቀጥለው «ምሰሶዎቹንም ወደ ውጭ ይገፋቸዋል» የሚለውን ይጨምሩበት። «ይገፋል» የሚለው ግስ ካልገባ ተማሪው ዋናውን ነገር ያጣዋል። ቅስቶች በረድፍ ሲቆሙ የአንዱን ግፊት ጎረቤቱ ይመልሰዋል፤ በስፔን የሴጎቪያው የውሃ መተላለፊያ በእነዚያ ቀጫጭን ምሰሶዎች የቆመው ለዚህ ነው። የመጨረሻው ቅስት ግን ጎረቤት ስለሌለው ወፍራም ግንብ ወይም ገደል ይፈልጋል።

ሮማውያን ለድል መታሰቢያ ያቆሙትን ግንብ «የድል ቅስት» ቢሉትም «የድል በር» ቢሉትም ያስኬዳል። መዝጊያ የሌለውን ምን በር ያሰኘዋል የሚሉ አሉ፤ ታዲያ ጣርማ በርስ መዝጊያ አለው? ለእኔ የንጉሠ ነገሥቱ የቲቶም ሆነ በ315 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የቆስጠንጢኖስ ሐውልት «የድል ቅስት» ሲባል ደስ ይለኛል፣ ቅርጹ ስለሚታየኝ። «በር» ያለውን ግን አላርመውም።

አልጠየቁኝም እንጂ ሮም ያለው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ፣ ፓንቴዎን ላይ ሲደርሱ «ጉልላት» የሚል ቃል ይመጣብዎታል። ብዙ ሰው ሉል መሰሉን ጣሪያ በሙሉ «ጉልላት» ይለዋል። ጉልላት ግን ከጣሪያው ጫፍ ላይ የሚቀመጠው ነው፤ ቤተ ክርስቲያን አናት ላይ የምናየው። ፓንቴዎን ላይ ደግሞ ጉልላት ሊቀመጥበት በሚገባው ቦታ ወደ 9 ሜትር የሚሰፋ ክፍት ቀዳዳ ነው ያለው፤ ዝናብ ሲመጣ ወለሉ ድረስ ይወርዳል። ስለዚህ እዚህ ላይ መበደርን አልጠላም፤ «43 ሜትር ስፋት ያለው ዶም» ብለው ይጻፉት።