ይድረስ ጄኔቲክስን ለጀመራችሁ ወጣቶች

ልጆቼ፣ ገና ከጅምሩ «የምትሠሩት በመካንነት ላይ ነው፣ በበሽታ መከላከል ወይስ በካንሰር?» ትባላላችሁ። አንዱን መምረጥ ግድ ነው። የቀሩትን የሁለቱን መጻሕፍት ግን አትዝጉ፤ በሦስቱም ውስጥ የሚሠራው የዲኤንኤ ጥገና በአብዛኛው አንድ ነውና።

እንቁላልና የወንድ ዘር ሲፈጠሩ ሴሉ ስፖ11 በተባለ ፕሮቲን የራሱን ዲኤንኤ ሆን ብሎ ይበጥሳል። ከእናትና ከአባት የመጡት ክሮሞዞሞች ቁራጭ የሚለዋወጡት በዚያ ነው። ሊምፎሳይት የተባሉ ነጭ የደም ሴሎችም ራግ1 እና ራግ2 በተባሉ ፕሮቲኖች ዲኤንኤአቸውን ቆርጠው መልሰው ይቀጥላሉ፤ ጀርምን የሚዋጋው ያ ሁሉ ዓይነት አንቲቦዲ የሚገኘው ከዚህ ነው። ጥገናው ሲጓደል የዘር ሴሉ ይሞታል፣ ነጭ የደም ሴሉም ሳይበስል ይቀርና ኢንፌክሽን ይደጋገማል። ጫፎቹ ተሳስተው ከተቀጠሉ ደግሞ ካንሰር ይነሣል። ቡርኪት ሊምፎማ በተባለው የነጭ የደም ሴል ካንሰር ብዙውን ጊዜ የሚታየው ይኸው ነው፦ ሴሉ እንዲባዛ የሚገፋው የክሮሞዞም 8 ሚክ ዘረመል ክሮሞዞም 14 ላይ ካለው የአንቲቦዲ ዘረመል አጠገብ ይለጠፍና ያለ ልጓም ይሠራል።

አንድ ዘረመል ብቻ ጠንቅቃችሁ አጥኑ ብባል ኤቲኤምን እመርጣለሁ። እ.ኤ.አ. በ1995 ተለይቶ የታወቀ፣ ክሮሞዞም 11 ላይ ያለ ነው። የተበጠሰ ዲኤንኤ ሲኖር የሴሉን መከፋፈል ያስቆምና ጠጋኞቹን ይጠራል። ሁለቱም ቅጂ የተበላሸበት ልጅ አታክሲያ ቴላንጂዬክታዢያ የተባለ በሽታ ይይዘዋል፦ አረማመዱ ይናጋል፣ በዓይኑ ነጭ ላይ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታያሉ፣ ብዙ ጊዜ አይጂኤ የተባለው አንቲቦዲ ያንሰዋል፣ የመራቢያ አካሉ በወጉ አያድግም፣ ሉኪሚያና ሊምፎማ ለተባሉ የደም ካንሰሮችም ይጋለጣል። ሌላውን ታማሚ የሚያድነው የጨረር መጠን ይህን ልጅ ሊገድለው ይችላል። ሊምፎማ ያለበት ልጅ ጨረር ከመታዘዙ በፊት አረማመዱ ይታይ የምለው ለዚህ ነው።

የቤተሰብ ሐረግ ስትሥሉ ሦስት ትውልድ ውጡ። ስለ እያንዳንዱ ሰው ወልዶ እንደሆነ፣ ፅንስ መጨንገፉን፣ የኢንፌክሽን መደጋገሙን፣ ካንሰር ከነበረ በየትኛው አካልና በስንት ዓመቱ እንደጀመረ ጠይቁ። ወላጆቹ ዝምድና እንዳላቸው መጠየቅ አያሳፍራችሁ፤ ከሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት የተበላሸ ቅጂ የሚገናኘው በብዛት በዚያ መንገድ ነው።

ደሙን ኢዲቲኤ የተባለ፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል ባለው ቱቦ ቅዱ፤ ለዚሁ የሚያገለግለው ሄፓሪን ግን ፒሲአርን፣ ማለትም ዲኤንኤን የምናባዛበትን ዘዴ፣ ያግዳል። የዲኤንኤውን ንጽሕና የሚያሳየው የ260/280 የብርሃን ንባብ 1.8 አካባቢ ይሁን፤ በጣም ከወረደ ፕሮቲን ወይም ለማውጣት የተጠቀማችሁበት ፌኖል ቀርቶበታል። በየዙሩ ዲኤንኤ የሌለበት አንድ ቱቦ አብራችሁ አስገቡ፤ እሱ ውጤት ካሳየ የዚያ ዙር ሁሉ ይጣል፣ «ደካማ ነው» ብላችሁ አትለፉት።

ብዙ ጎበዝ ሰው የሚሳሳተው ግን ናሙና ሲመርጥ ነው። የሉኪሚያ ታማሚ ደም የተወረሰውንና በካንሰሩ የመጣውን ለውጥ ቀላቅሎ ይሰጣችኋል። ምራቅም አያድናችሁም፣ ውስጡ ነጭ የደም ሴል ሞልቷል። የሰው መቅኔ የተተከለለት ከሆነማ ከደሙ የምታነቡት የለጋሹን ዘረመል ነው። የተወረሰውን ማወቅ ስትፈልጉ ከቆዳ ትንሽ ቁራጭ ወስዳችሁ ፋይብሮብላስት የተባሉትን የቆዳ ሴሎች አሳድጉ። ሳምንታት ይፈጃል፤ ታገሡ፣ ቤተሰቡም ለምን እንደሚጠብቅ ይነገረው።

ውጤት ስትጽፉ «ፋይዳው ያልታወቀ» የተባለ ለውጥ በሽታ አምጪ ነው ማለት አይደለም። በእሱ ብቻ ተመርኩዞ ጡት ወይም እንቁላል ማምረቻ እንዲወጣ መወሰን ትልቅ በደል ነው። ምዘናው መረጃ ሲጨመር ስለሚቀየር የተመዘነበትን ቀን ጻፉና እንደገና ፈትሹት።

ልጁ ኤቲኤም እንደተበላሸበት ከተረጋገጠ ወላጆቹን ለብቻቸው አስቀምጡ። በቀጣዩ እርግዝና ሁሉ በሽታው የመደገም ዕድሉ ከአራት አንድ እንደሆነ ንገሯቸው። እናትየው አንድ የተበላሸ ቅጂ ስላላት የጡት ካንሰር ዕድሏ ከፍ ይላል፤ ልጇን ስታስታምም ስለራሷ መጠየቅ ትዝ አይላትምና እናንተው የጡት ምርመራውን አንሡላት። አባትየውም ተሸካሚ ነው፤ እኅቶች ካሉት እነሱም ይጠሩ።